ጄሲካ በሽር እና ተራኪ የሌለው ፊልም፦ የአሥር ዓመት ሥራ ማን ይከፍለዋል?

አንድ ሰው ፊልም ሠሪ ነኝ ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው "ስንት ሠራህ?" ነው። በዚህ መለኪያ ጄሲካ በሽር ብዙ ሠራች አትባልም። ጥቂት አጫጭር ፊልሞችና አንድ ረጅም ፊልም አሏት። ረጅሙ ብቻውን አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቶባታል። ያ ፊልም "ፋያ ዳዪ" ይባላል። በ2021 ሰንዳንስ በሚባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። በዚያው ዓመት በስዊዘርላንዷ ኒዮን ከተማ በሚካሄደው ቪዚዮን ዱ ሬኤል ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት ወሰደ። ዓመቱ ሳያልቅ ለኦስካር የዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ከተለዩት 15 ፊልሞች አንዱ ሆነ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ የሐረርና የዙሪያዋ ነው። ሰዎቹ የሚናገሩት በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በሐረሪ ቋንቋ ነው።

ስለ ሽልማቱ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚያሳስበኝ ከሽልማቱ በፊት ያለው አሥር ዓመት ነው። አንድ ሰው ቋሚ ደመወዝ ሳይኖረው፣ ፊልሙ መጨረሻ ላይ ምን እንደሚመስል ለማንም በእርግጠኝነት መናገር ሳይችል፣ ካሜራ ተሸክሞ ሐረር ሲመላለስ ምን በልቶ ይኖራል? ማንስ አምኖ ገንዘቡን ይሰጠዋል? ይህን ካላነሳን እንዲህ ያለ ሥራ እዚሁ ካሉ ልጆቻችን እጅ ለምን በብዛት እንደማይወጣ አይገባንም። ችሎታ ጠፍቶ አይደለም። ጊዜ የሚገዛ ገንዘብ ጠፍቶ ነው።

ጄሲካ የተወለደችው ሜክሲኮ ሲቲ ነው። እናቷ ሜክሲኳዊት፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ያደገችው ሐረር ነው። በደርግ ዘመን፣ የ16 ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከአገር ወጣች። አሁን የምትኖረው ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ሐረር ስትመለስ በልጅነቷ የምታውቀው ማሳ በጫት ተውጦ ጠበቃት። በቃለ መጠይቆቿ ደጋግማ የምታነሳው ይህን ነው። ፊልሙም የተጀመረው ከዚያ ድንጋጤ ነው ማለት ይቻላል።

ረጅሙ ፊልም ከመውጣቱ በፊት ግን አጫጭሮቹ ነበሩ። በ2016 ኒው ዮርክ ውስጥ ጣውላ ላይ በጫማው እየመታ ስለሚጨፍር አንድ ሰው ትንሽ ፊልም ሠራች። በ2017 "ኸይራት" ሰንዳንስ ላይ ታየላት። እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሐረር ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ የጅቡን ነገር ሰምቷል። ማታ ማታ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጅብ የሚያበላ ሰው አለ። ቱሪስት ይመጣል፣ ይጮኻል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። ጄሲካ የመረጠችው ዩሱፍ ሙሜ ሳሌህን ነው፤ ለ35 ዓመት ማታ ማታ ወደ ጅቦቹ ሲሄዱ የኖሩ ሰው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ስለ ጅብ ጠባይ የሚያስረዳ ባለሙያ የለም። የጀጎልን ታሪክ የሚያነብልን ድምፅ የለም። አንድ ሰው አለ፣ ጨለማ አለ፣ እንስሶቹ አሉ። በሰባት ደቂቃ ውስጥ የቱሪስት ትርኢት የምንለው ነገር የአንድ ሰው የብቸኝነትና የፍቅር ጉዳይ ሆኖ ይታያል። በኋላ በትልቁ ፊልም የምናየው ሁሉ እዚህ አለ፦ ጥቁርና ነጩ፣ ዝግታው፣ ሰውን እንደ ጉድ አለማሳየቱ።

እንዲህ ያለው አሠራር የሙከራ ዘጋቢ ፊልም ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም። ዚጋ ቬርቶቭ በ1929 በሶቪየት ኅብረት ያለ ተራኪና ያለ ተዋናይ፣ በካሜራና በኤዲቲንግ ብቻ የከተማን ውሎ አሳይቷል። ቬትናም ተወልዳ አሜሪካ የሠራችው ትሪን ሚን-ሃ በ1982 በሴኔጋል ገጠር የቀረጸችውን ፊልም ስታወጣ ስለ ሰዎቹ ሳይሆን አጠገባቸው ሆና መናገር እንደምትፈልግ በፊልሙ ውስጥ ተናግራለች። የተለመደው ዘጋቢ ፊልም መጀመሪያ መልእክቱን ይይዛል፤ ከዚያ ለመልእክቱ የሚሆን ምስል ይፈልጋል። የሙከራው መጀመሪያ ያያል። ምን እንዳየ ሠሪው ራሱ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ኤዲቲንግ ከገባ በኋላ ነው።

ለእኛ ይህ ልዩነት ከጥበብ ወሬ ያለፈ ነው። ያደግንበትን የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም አስቡት። ወፍራም የወንድ ድምፅ ከላይ ይመጣል። ሙዚቃው ያስፈራል። መሃል ላይ አንድ ባለሥልጣን ይገባል። ቀጥሎ አንድ ነዋሪ ይመጣና ባለሥልጣኑ ያለውን በራሱ አነጋገር ይደግማል። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱንም አይተናል። በ2011 በኢቴቪ የቀረበውን፣ ተቃዋሚዎችን በሽብር የሚከሰውን "አኬልዳማ"ን የሚያስታውስ ብዙ ነው። በ2013 ደግሞ "ጂሃዳዊ ሐረካት" መጣ። የሙስሊሙን ጥያቄ ይዘው የተነሱት የኮሚቴ አባላት ጉዳያቸው ገና ፍርድ ቤት ሳለ በቴሌቪዥን ተፈረደባቸው። እንደዚያ ነበር። ማታ ዶክመንተሪ ይቀርባል ሲባል ሰው የሚጠይቀው "ደግሞ ማንን ሊያስሩ ነው?" ብሎ ነው። ከላይ የሚመጣው ድምፅ ሁሉን ያውቃል፣ ይከሳል፣ ይፈርዳል። ምስሉ የተጠራው ለምስክርነት ብቻ ነው።

ጄሲካ "ፋያ ዳዪ"ን መቅረጽ የጀመረችው በዚያው ሰሞን፣ በ2011 አካባቢ ነው። ተራኪውን ጨርሳ አስቀረችው። ለኢቴቪ መልስ ለመስጠት አስባ ነው ማለቴ አይደለም። እኛ ግን ከዚያ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን ያደግን ነንና ልዩነቱ አጥንታችን ድረስ ይሰማናል። በእሷ ፊልም የሐረርጌ ገበሬ ሲናገር የሚያቋርጠው የለም። ጫት የምታስረው ልጅ ዝም ስትል ዝምታዋን የሚተረጉምላት የለም። አንድ ሰው ፊቱ ለሁለት ደቂቃ ሲታይ "ይህ ሰው የሱስ ሰለባ ነው" የሚል ድምፅ አይመጣም። እኔ ይህን እንደ ትልቅ አክብሮት ነው የማየው።

ፊልሙ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የሚነሳው ከአንድ የሱፊዎች አፈ ታሪክ ነው፤ የዘላለም ሕይወት ውኃ ፍለጋ የወጣ ሼክ ጫትን እንዳገኘ ከሚናገረው። ከዚያ ወደ ማሳው፣ ወደ መጋዘኑ፣ ወደ በርጫው ይወስደናል። መሃሉ ላይ ሞሐመድ አለ። 14 ዓመቱ ነው። ሐረር ውስጥ ለቃሚዎች እየተላላከ ይኖራል። አባቱ ቃሚ ነው፤ ቤት ውስጥ የአባቱን ፊት እያየ ነው የሚያድረው። እንደ ብዙ እኩዮቹ ባሕር ተሻግሮ ስለ መሄድ ያስባል። ይህን ታሪክ እዚህ በተራ አስቀመጥኩላችሁ እንጂ ፊልሙ እንዲህ በቀጥታ አይሄድም። የምርቃናን ሰዓት ነው የሚከተለው። መጀመሪያ ወሬው ይደራል፣ ሐሳቡ ይበራል። ከዚያ ሁሉም ቀስ በቀስ ወደ ራሱ ይገባል። ዝምታው ይረዝማል። ማን ምን እንዳለ፣ የቱ ትዝታ የቱ የዛሬ ነገር እንደሆነ ይቀላቀላል። ቅሞ የሚያውቅም፣ ከቃሚ ጋር የኖረም ይህን ሰዓት ያውቀዋል።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር ልበል። ጫት የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው። ለምለም ነው? ቀላ ይላል? ደርቋል? ገዢ ዋጋ የሚቆርጠው በዓይኑ ነው። ጄሲካ ያንን አረንጓዴ ወሰደችብን። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቅጠሉ ሸቀጥ መምሰሉን ያቆማል። ያኔ እጆቹ ይታያሉ። የሚቆርጡ እጆች፣ የሚመርጡ እጆች፣ የሚያስሩና የሚጠቀልሉ እጆች። በዜና ሁልጊዜ የሚታየን የተከመረ አረንጓዴ ነገር ነው። የሠሩት እጆች በዚህን ያህል ጊዜ ሲታዩ እኔ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሥር ያለው ኢኮኖሚ ነው። ሐረርጌ የቡና አገር ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የዓለም የቡና ዋጋ ወደቀ። ቡና በዓመት አንዴ ይለቀማል። ጫት ግን ውኃ ካገኘ በዓመት ብዙ ጊዜ ይቆረጣል፤ ገንዘቡም ወዲያው እጅ ይገባል። መሬቱ ለጠበበበት ገበሬ ምርጫው ከባድ አልነበረም። ጫት ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። የሚያነቃቃው ንጥረ ነገር፣ ካቲኖን የሚባለው፣ ቅጠሉ ከተቆረጠ በሁለት ቀን ገደማ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ሁሉ ነገር ሩጫ ነው። የጫት ገበያዋ ከተማ አወዳይ ሌሊት አትተኛም። አይሱዙው ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ጅግጅጋ፣ ወደ ሶማሌላንድና ጅቡቲ ይከንፋል። ብሪታንያ በ2014 ጫትን ስታግድ አንድ ገበያ ተዘጋ፤ ሩጫው ግን አልቆመም። በአንድ በኩል ይህ ሁሉ ጥድፊያ አለ፤ በሌላ በኩል ምንጣፍ ላይ ተደግፎ የማይነሳው ቃሚ አለ። ሠራተኛው የሚሮጠው ሌላው እንዲቀመጥ ነው። ፊልሙ ይህን በቁጥር አይነግራችሁም። መጋዘኑን ከበርጫው ጎን አስቀምጦ ያሳያችኋል።

የሐረማያ ሐይቅም አለ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደርቆ እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ለጫትና ለአትክልት መስኖ ይሳብ የነበረው ውኃ አንዱ ምክንያት ነበር። ይህን ይዛችሁ ወደ ፊልሙ አፈ ታሪክ ተመለሱ። ሼኩ ውኃ ፍለጋ ወጥቶ ጫት አገኘ። ጫቱ በተራው ውኃውን ጨረሰው። ጄሲካ ይህን ለማስረዳት አንድም ባለሙያ አልጠራችም።

ፖለቲካውም እንዲሁ ነው። ከ2014 ጀምሮ የነበረው የኦሮሞ ወጣቶች ተቃውሞ፣ የ2016ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ የ2018ቱ ለውጥ፣ ይህ ሁሉ የሆነው እሷ በምትመላለስባቸው ዓመታት ነው። በፊልሙ እንደ ዜና አይመጣም። በልጆቹ ጨዋታ ውስጥ፣ ስለ ሄዱ ሰዎች በሚወራው ወሬ ውስጥ ይመጣል። ለዚህ ነው አሥር ዓመቱ አስፈላጊ የሆነው። አንድ ቡድን ለሁለት ሳምንት ቢመጣ የሚያገኘው ቃለ መጠይቅ ነው። ሰው ለእንግዳ የሚናገረውን ያውቃል። ካሜራውን የያዘችው ጄሲካ ራሷ ነች። ከፕሮዲውሰሮቹም አንዷ ነች። ከርማ የምትመለስ፣ ቡና የምትጠጣ፣ የሞተ ሰው ቤት የምትጠይቅ ሰው ፊት ሰው ሌላ ነገር ይናገራል። አንዳንዴም ምንም አይናገርም፤ ያ ደግሞ ይበልጣል።

አንድ የሚያሳዝን ነገር ልጨምር። ይህን ያህል በጨለማ አዳራሽ፣ በትልቅ ስክሪን እንዲታይ የተሠራ ፊልም ለዓለም የቀረበው በጥር 2021 ነው። ኮቪድ ነበር። የዚያን ዓመት ሰንዳንስ በአብዛኛው በኢንተርኔት ነበር የተካሄደው። አሥር ዓመት የተሠራበት ምስልና ድምፅ መጀመሪያ የታየው ብዙውን ጊዜ በላፕቶፕ ነው።

ፊልሙ ላይ ቅሬታ ሊነሳ ይችላል፤ ችላ ብዬው ማለፍ አልፈልግም። ሁሉ ነገር ሲያምር ሕመሙ ይደበዝዛል። ጭስ ውስጥ ያለ ፊት፣ ብርሃን የወደቀበት አቧራ፣ በዝግታ የሚራመድ ሽማግሌ፤ ይህ ሁሉ ለሩቅ ተመልካች ሐረርን ምሥጢራዊ የተረት አገር ሊያስመስልበት ይችላል። የጫኙ የቀን ገቢ ስንት ነው? ትርፉ የማን ኪስ ይገባል? መልሱ ፊልሙ ውስጥ የለም። ሐረርጌን የማያውቅ ሰው ብዙ ነገር ያመልጠዋል። ከዚህ ቅሬታ ግማሹን እቀበላለሁ። ስለ ልጁም አስባለሁ። የ14 ዓመት ልጅ የቤቱን ገበና ለካሜራ ሲናገር፣ ካደገ በኋላ ፊልሙ በዓለም ሲዞር እንዴት ይሰማዋል? ይህ ጥያቄ የዚህ ፊልም ብቻ አይደለም። ልጅን የሚቀርጽ ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ሁሉ ዕዳው ነው።

ግማሹን ግን አልቀበልም። የጫትን ጉዳት የሚዘረዝር ፕሮግራም ሞልቶናል። ገበያው ግን ሰፋ እንጂ አልጠበበም። ጀዝባ ብለን የምናልፈው ሰው ምን እየሸሸ እንደሆነ ያሳየኝ ይህ ፊልም ነው። እዚያ ውስጥ ያሉት ወጣቶች ሁለት መውጫ ብቻ ነው የሚታያቸው፤ ወይ በባሕር፣ ወይ በምርቃና። ይህን በስታትስቲክስ ሊነግረኝ የሚችል ሰው ነበር። በስታትስቲክስ ቢሆን ግን ራሴን ነቅንቄ አልፈው ነበር።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የ"ፋያ ዳዪ" አገሮች ተብለው የተዘረዘሩት ኢትዮጵያ፣ አሜሪካና ኳታር ናቸው። ኳታር ያለችበት በዶሃ ፊልም ኢንስቲትዩት ምክንያት ነው። በዚህ ሙያ ገንዘብ በአንድ ጊዜ አይመጣም። ለዝግጅት አንድ ድጋፍ ይገኛል፣ ለቀረጻ ሌላ፣ ለኤዲቲንግና ለድምፅ ደግሞ ሌላ። አምስተርዳም ኢድፋ በርታ ፈንድ አለ። አሜሪካ የሰንዳንስ የዘጋቢ ፊልም ፈንድ አለ። ዶሃ አለ። ስዊዘርላንድም የራሷ አላት። አንዱ እምቢ ሲል ሌላው ጋ ይኬዳል። አንዱ እሺ ሲል ደግሞ ሌሎቹ ማመን ይጀምራሉ።

ችግሩ ማመልከቻው ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ይጻፋል። ታሪኩ ምንድን ነው? ሰዎቹ በፊልሙ ውስጥ እንዴት ይለወጣሉ? መጨረሻው ምንድን ነው? ተብሎ ይጠየቃል። የሙከራ ፊልም ሠሪ መጨረሻውን አያውቀውም። ካወቀውማ ለምን ይቀርጻል? ስለዚህ ሰጪዎቹን ለማሳመን ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ቀድሞ በራስ ወጪ ቀርጾ ማሳየት። በራስ ኪስ ለመቅረጽ ደግሞ ኪስ ያስፈልጋል። ብሩክሊን የሚኖር ሰው፣ ቀላል ባይሆንም፣ ሌላ ሥራ ሠርቶ በዶላር አጠራቅሞ ሐረር ሊመላለስ ይችላል። ሐረር የተወለደ፣ ሐረር የሚኖር፣ ኦሮምኛውንም የሐረሪ ቋንቋውንም የሚያውቅ ልጅ ይህን ማድረግ አይችልም። ቦታው ላይ ያለው እሱ ነው፤ ጊዜው ያለው ግን ሌላ ሰው ጋ ነው።

ያ ልጅ ካሜራ ካለው ምን እየሠራ ነው? ሠርግ ይቀርጻል። ማስታወቂያ ይሠራል። ዕድል ካገኘ የኤንጂኦ ፊልም ይሠራል። የኤንጂኦ ፊልም ቀመሩ ይታወቃል፦ እናቲቱ ከፕሮጀክቱ በፊት እንዴት ነበረች፣ አሁን እንዴት ሆነች፣ ምስጋና፣ ሎጎ። ስምንት ደቂቃ። ብዙ ጎበዝ የካሜራ ባለሙያዎች ዕድሜያቸውን በዚህ ይጨርሳሉ። አልፈርድባቸውም፤ የቤት ኪራይ በወሩ ይመጣል። ግን ተመልከቱ፤ ያው የቴሌቪዥኑ ቅርጽ ነው ሎጎ ቀይሮ የመጣው። እዚህም መልእክቱ ቀድሞ ተጽፏል።

ሽልማት ያኖራል የሚል ካለ ይህን ያስላ። በ2022 ጄሲካ በአሜሪካ የኢንዲፔንደንት ስፒሪት ሽልማት ላይ ለዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች የሚሰጠውን "ትሩወር ዛን ፊክሽን" የተባለ ሽልማት አሸነፈች። ከሽልማቱ ጋር 25,000 ዶላር ይሰጣል። ለአሥር ዓመት ሲካፈል በዓመት 2,500 ዶላር ነው። በዚህ ሙያ ከሚገኙት ትልልቅ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ታዲያ በዚህ መንገድ ዕድሜ ልክ መዝለቅ የቻሉት እንዴት ቻሉ? ከእኛ ሰው ሁለት ላንሳ። ፕሮፌሰር ሳሌም መኩሪያ ቦስተን ውስጥ በሕዝብ ቴሌቪዥን "ኖቫ" ለሚባለው የሳይንስ ፕሮግራም ሠርተዋል። ቀጥሎ በዌልስሊ ኮሌጅ ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል። የራሳቸውን ፊልም የሠሩት በዚያ መሃል ነው። በ1991 ሱዳን ስላሉ ሦስት ስደተኛ ሴቶች "ስደት"ን ሠሩ። በ1997 "የወንዝ ማዕበል" መጣ፤ በአብዮቱ ዘመን ያጡትን ወንድማቸውንና የቅርብ ጓደኛቸውን ይዞ፣ በራሳቸው ድምፅ። ድምፅ አለ፤ ግን ከላይ የሚመጣ የዳኛ ድምፅ አይደለም፣ የእህት ድምፅ ነው። በኋላ አንድ ስክሪን አልበቃቸውም። ምስሉን ሦስት ስክሪን ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡት። እንዲህ ያለው ሥራቸው በ2003 በቬኒስ ቢዬናሌ ታይቷል። ሦስት ምስል በአንድ ጊዜ ሲታይ ተመልካቹ የቱን እንደሚያይ ራሱ ይመርጣል። የአገራችን ታሪክ በአንድ መስመር ለማይተረክለት ሰው ይህ ትክክለኛ ቅርጽ ይመስለኛል። እኚህ ሴት በአገራቸው ይህን ያህል ሳይታወቁ መቅረታቸው ያንገበግበኛል።

ሁለተኛው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው። እሳቸው ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በልብ ወለድ ፊልሞቻቸው ነው። በ1999 ግን "አድዋ"ን ሠርተዋል፤ ሥዕሉን፣ ዘፈኑን፣ የሽማግሌውን ትውስታ የታሪክ ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርብ ዘጋቢ ፊልም። ለአሥርት ዓመታት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። በ1997 ከባለቤታቸው ጋር ዋሽንግተን ውስጥ ሳንኮፋ የተባለውን የመጽሐፍና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ። አከፋፋይ ሲያጡ ፊልማቸውን ራሳቸው ይዘው በየከተማው ዞረዋል።

ሁለቱንም ያቆማቸው የመምህርነት ደመወዝ ነው። ይህ ለእኛ ቀጥተኛ ትምህርት አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2014 የፊልም ማስተርስ ትምህርት ጀምሯል። አንድ መምህር በሦስት ወይም በአራት ዓመት አንዴ፣ ደመወዙ ሳይቋረጥ፣ ለቀረጻ የሚወጣበት ጊዜ ቢሰጠው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ካሜራው ግቢው ውስጥ አለ። ተማሪዎቹ ረዳት ይሆናሉ። የውጭ ፈንድ የሚጠይቀው የሙከራ ቀረጻ በዚህ መንገድ ሊገኝ ይችላል። ከሁሉ በላይ ማመልከቻ የሚጽፍለትና እንግሊዝኛውን የሚያስተካክልለት ሰው ያገኛል። ይህ ትልቅ ሕልም አይደለም፤ የአንድ ትምህርት ክፍል ውሳኔ ነው።

ማየቱስ? "ፋያ ዳዪ"ን በአሜሪካ ያከፋፈለው ጃነስ ፊልምስ ነው። በኢንተርኔት በወርኃዊ ክፍያ ፊልም በሚያሳየው በክራይቴርየንም ወጥቷል። ዋሽንግተን ወይም ሲያትል ያለ ዘመዳችን በቀላሉ ያገኘዋል። አዲስ አበባ ያለው ሰው ግን ወርኃዊ ክፍያውን ውጭ የሚከፍል ካርድ ያስፈልገዋል። ካርዱ ቢገኝ የኢንተርኔቱ ችግር አለ። ሲኒማ ቤቶቻችን ደግሞ የሚኖሩት በፍቅርና በኮሜዲ ፊልም ነው፤ ዘጋቢ ፊልም ትኬት ቆርጦ የማየት ልማድ አልፈጠርንም። ስለዚህ የሐረርጌን ሕይወት በዚህን ያህል ቅርበት ያሳየ ፊልም ከሐረርጌ ይልቅ ኒው ዮርክ ውስጥ ይቀላል። ይህ የጄሲካ ጥፋት አይደለም። ገንዘቡ በመጣበት አቅጣጫ ፊልሙም ይሄዳል።

መፍትሔው የግድ ከሲኒማ ቤት አይጀምርም። ለትምህርትና ለባህል ተቋማት ማሳያ ፈቃድ የሚባል ነገር አለ፤ ዋጋው ለንግድ ከሚከፈለው ያነሰ ነው። በኢኒሼቲቭ አፍሪካ የሚዘጋጀው የአዲስ ዓለም አቀፍ ፊልም ፌስቲቫል በዘጋቢ ፊልም ላይ ያተኩራል። ድሬዳዋ አሊያንስ ፍራንሴዝ አላት። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከአወዳይ ቅርብ ነው፤ ስለ ጫትም ስለ ሐይቁም የሚያጠኑ ሰዎች እዚያው አሉ። ፊልሙ የማይመልሳቸውን ጥያቄዎች እነሱ ሊመልሱ ይችላሉ፤ ተመልካቹም ሊሞግታቸው ይችላል። ብዙው ንግግር ኦሮምኛ ስለሆነ ያገሬው ሰው የትርጉም ጽሑፍ ሳያነብ ያየዋል። ይህ ኒውዮርክ ላይ ያልነበረ ዕድል ነው።

ከተቻለ ደግሞ አወዳይ ራሷ ላይ ይታይ። ሰዓቱ ግን ይታሰብበት። ሌሊቱ የጭነት ነው። ከሰዓት በኋላው የበርጫ ነው። የሚሻለው ጠዋት ይመስለኛል፤ ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ መስኮቱ በደንብ የሚጋረድ አዳራሽ ከተገኘ።